ስማቸው ያልተጻፈ ልጆች

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሚቈየው ዕቃ ሁሉ፣ የማኅበር ፎቶግራፍን ያህል ብዙ ሰው በአንድነት የሚያሳየን የለም። ሆኖም ስም ካልተጻፈበት ፊቱን እንጂ ሰውየውን አያስታውቀንም። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን፣ በስኮትላንድ የተመሠረተውን «ቦይስ ብሪጌድ» የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ወንዶች ልጆች ማኅበር እንመልከት።

መሥራቹ ዊልያም አሌግዛንደር ስሚዝ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ሁከት ቢያበዙበት፣ እርሱ ራሱ በበጎ ፈቃደኞች ጦር የተማረውን ሥርዐት ከመንፈሳዊው ትምህርት ጋር አጣምሮ ሊያስተምራቸው አሰበ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1883 በግላስጎው ከተማ ሥራውን ጀመረ።

በማኅበሩ አሮጌ ፎቶግራፎች ላይ ልጆቹ በረድፍ ቆመው፣ አለቆቻቸው በመካከል ተቀምጠው ይታያሉ። በራሳቸው ላይ ትንሽ ክብ ቆብ፣ በወገባቸው ቀበቶ፣ በጎናቸውም ነጭ የስንቅ ከረጢት አለ። ቀን ባይጻፍበትም ዓርማው ዘመኑን ይጠቁማል። በመጀመሪያ ዓርማቸው መልሕቅ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 6 ቍጥር 19 የተነገረው የተስፋ ምልክት ነው። በ1926 ማኅበሩ «ቦይስ ላይፍ ብሪጌድ» ከተባለው ማኅበር ጋር ሲዋሐድ ከመልሕቁ በስተኋላ ቀይ መስቀል ተጨመረ። እንግዲህ መስቀሉ ከታየ ፎቶግራፉ ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነው።

በቀደሙት ዓመታት ልጆቹ ሰልፍ የሚለማመዱት በማስመሰያ ጠብመንጃ ነበር። ስሚዝ በሜይ ወር 1914 ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣ። በማኅበሩ ካደጉት ብዙዎቹ እውነተኛውን ጠብመንጃ ተሸክመው ዘመቱ፤ ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ዓርማው ዘመናቸውን ሊነግረን ይችላል፤ የማን ልጅ እንደ ነበሩ፣ የትኛው ተመልሶ የትኛው እንደ ቀረ ግን ሊነግረን አይችልም።

እኛም በየቤታችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና የመዘምራን ፎቶግራፍ አለን። ስለዚህ የሚያውቋቸው አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጠን እንጠይቅ። በፎቶግራፉ ጀርባ፣ በጠርዙ በኩል፣ ቀለሙ ዘልቆ እንዳያበላሸው በብዕር ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብለን እንጻፍ፤ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ከግራ ወደ ቀኝም የእያንዳንዱን ስም። የክርስትና ስማቸውንም አንርሳ፤ ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷ ያንቀላፉትን የምታስባቸው በእርሱ ነውና።