የፎገራ ሩዝና የምርምር ብር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ ወረታ የደረሰ ሰው የሩዝ መፈልፈያዎችን ሳያይ አያልፍም። የፎገራ ሜዳ ግን ድሮ የሩዝ አገር አልነበረም። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ ገበሬው ከብቱን ያረባል፣ ውኃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ ሩዝ ሞከሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሜዳውን የሸፈነው ዝርያ ኤክስ ጅግና ነበር።

መሬቱ አልሰፋም፤ የተጨመረው ዕውቀት ነው። ውኃ የተኛበት ማሳ ክረምት ሩዝ፣ ከዚያም ጓያ ይሰጥ ጀመር። ፈልፋዩ፣ ነጋዴው፣ ጫኝ አውራጁ ተከተሉ፤ ገለባውም ለከብቱ ሆነ። ጥናትና ምርምር ኢኮኖሚን የሚያሳድገው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ነጋዴው ራሱ ለምን አይመራመርም? ገበሬው ካመረተው ሩዝ ላይ ዘር ያስቀራል፣ ለጎረቤቱም ያበድራል። ዝርያውን ያወጣው ሰው ከዚያ ትርፍ ምንም አይደርሰውም። ኢኮኖሚስቱ ፖል ሮመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አንዱ የተጠቀመበት ዕውቀት ለሌላው አያልቅም፤ ለሁሉ የሚጠቅመው በዚሁ ጠባዩ ነው። ለግል ከፋይ የማያዋጣው ግን፣ እንደ ዘሩ፣ ያልከፈለውን ከመጠቀም መከልከል ሲያቅት ነው። ስለዚህ ወጪው በአብዛኛው መንግሥት ላይ ይወድቃል።

አንዴ ከፍሎ መገላገል ግን የለም። ኤክስ ጅግና ለአሥርተ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዘሩ ተደባለቀ፣ በሽታም አጠቃው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ፎገራ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ሩዙ ከገባ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ክፍተት ነው። አዲስ ዝርያ አዳቅሎ፣ መርጦ፣ በየቦታው ሞክሮ ለመልቀቅ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የዓመት በጀት ደግሞ አሥር ዓመት አይጠብቅም።

ቁጥሮቹን ያየ ተጠራጣሪ ሊሞግት ይችላል። የኢትዮጵያ የምርምር ወጪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርት 0.6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017 ወደ 0.27 በመቶ ወረደ። የአፍሪካ ኅብረት ግብ 1 በመቶ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ኢኮኖሚው በዓመት ወደ 10 በመቶ እያደገ ነበር! ምርምር ሳይኖርም ማደግ ይቻላል ማለት ነው? አይደለም። የያኔውን ዕድገት በዋናነት የገፋው የመንግሥት ግንባታ ነው፤ መንገድና ግድብ ሲሠራ ወጪው ራሱ በዚያው ዓመት ምርት ሆኖ ይቆጠራል። ያልተከፈለ የምርምር ወጪ ጉድለት ግን የሚታየው ቆይቶ ነው።

አሁን ፎገራን የሚፈትነው ዘር ብቻ አይደለም። የተደባለቀ ዘርና በወጉ ያልደረቀ ሩዝ ትንንሾቹ መፈልፈያዎች ውስጥ ይሰባበራል። አዲስ አበባ ያለው ገዢም ሳይሰበር ነጥቶ የሚመጣውን የውጭ ሩዝ ይመርጣል፤ ለዚያም ዶላር ይወጣል። ቀጣዩ የምርምር ብር ወረታ መፈልፈያ ቤት ቢገባ አዋጪ ይመስለኛል።