ማራንታን በወረታ ቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ

በብዙዎች ዘንድ የጸሎት ተክል የሚባለው ማራንታ ትውልዱ ከብራዚል ሐሩራማ ደን ጥላ ሥር ሲሆን፣ በዘር ሐረጉ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ፣ ከሙዝና ከእንሰት ጋር በሩቅ ይዛመዳል። መዓልቱን ተዘርግተው የዋሉት ቅጠሎቹ ጊዜ ሠርክ ሲደርስ እንደ ጸሎተኛ እጆች ወደ ላይ የሚነሡት፣ በቅጠሉ ሥር ያለችው ትንሽ እብጠት በአንድ ወገኗ ውኃ ሲሞላ በሌላው ሲጎድል ነው፤ ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ደዌ መስሏቸው በላዩ ውኃ የሚያፈሱ ሰዎች ጤነኛውን ተክል በከንቱ ያሰጥሙታል።

ለሩዝ የተመቸው የአካባቢያችን የፎገራ ጥቁር አፈር፣ ሲርስ ውኃ የሚያቁር ሲደርቅም የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ ለማራንታ ፈጽሞ አይስማማም። እኔ የምመርጠው ከሥሩ በተበሳ ሸክላ ውስጥ የበሰለ ኮምፖስት፣ አሸዋና በከተማችን የሩዝ ወፍጮ ቤቶች ደጅ ተከምሮ የከረመውን የሩዝ ቅርፊት አደባልቆ መትከል ነው፤ ቅርፊቱ ለሥሩ አየር ይሰጣል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ብርሃን ይወዳል፣ የቀትርን ፀሐይ ግን አይችልም፤ ስለዚህ በስስ መጋረጃ የተጋረደ የምሥራቅ መስኮት ይበቃዋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፣ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ስለሚጎዳው፣ ከመስኮቱ ራቅ ይደረግ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አየሩ ሲደርቅ የቅጠሉ ጠርዝ ይጠወልጋልና፣ ጠጠርና ጥቂት ውኃ በያዘ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ጫፉን ስለሚያከስለው፣ በክረምት የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ይሻላል። ማባዛት የሚሻ ሰው ከአንጓው በታች ቆርጦ በብርጭቆ ውኃ ቢያኖረው በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል።