የምታዘገየን ገጽ

ባለፈው ሰኔ፣ አዊ ዞን ጥርባ ለምትኖረው እናቴ የማዳበሪያ መግዣ ልልክላት ስልኬን አነሣሁ። የሒሳብ ቁጥሯን አስገባሁ፤ መተግበሪያው «የተቀባዩን ስም ያረጋግጡ» ብሎ ቆመ። እየተቻኮልኩ ልጫነው ስል፣ የወጣው ስም የእናቴ አይደለም! አንድ አሃዝ ተሳስቻለሁ። ሁልጊዜ የምታናድደኝ ያቺ ገጽ ባትኖር ብሩ የማላውቀው ሰው ዘንድ ይገባ ነበር።

ሥራዬ ገበያ ማስፋፋት ነው፤ በስብሰባ ላይ «ደንበኛው እንዳይሰለች ደረጃ ቀንሱ» ከሚሉት አንዷ ነኝ። ገጽ ሲበዛና ኔትወርክ ሲደክም ሰው ትቶ መሄዱ እውነት ነው። ጥያቄው የትኛው ይቀነስ የሚለው ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊቱን የሆነውን እናስታውስ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። በማግሥቱ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። «ሒሳቡ ላይ ብሩ አለ ወይ?» የምትለው የማትታይ ጥያቄ ስትጓደል ፍጥነቱም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ ጥበቃው እንደ ጉዳዩ ክብደት ይሁን። ቀሪ ሒሳብ ለማየት የጣት አሻራ ይበቃል፤ ቶሎም ይከፍታል። ለአዲስ ተቀባይ ገንዘብ ሲላክ ወይም የሚስጥር ቁጥር ሲቀየር ግን መተግበሪያው ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቅ። ፍጥነት ከተፈለገ ከባዱ ፎቶና የሚንቀሳቀሰው ማስታወቂያ ይነሣ። ለእኛ ለማስታወቂያ ሰዎች ይህ መራራ ነው፤ ገጹን የሚያዘገየው ግን ብዙ ጊዜ የኛው ጌጥ ነው።

በቤታችንም የምናደርገው አለ። የሚስጥር ቁጥር የልደት ዓመት አይሁን። የስልክ መክፈቻውና የባንኩ ቁጥር ይለያዩ። በቀን የሚላከው ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት። በመልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ቶሎ ይንገሩኝ» ለሚል ሁሉ አይነገር። አጭበርባሪ ትልቁ መሣሪያው ማጣደፍ ነው።

ይህንኑ ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ሳቀችብኝ። «የቤቴን ቁልፍ ለመንገደኛ ሰጥቼ አውቃለሁ እንዴ? ይልቅ አንቺ ስትልኪ ተረጋጊ» አለችኝ።