በጥምቀት ሰሞን ከቤተ ሰብ ጋር ወደ ፋሲል ግቢ

ጥር በመጣ ቁጥር ብዙ የክርስቲያን ቤተ ሰብ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጎንደር ይወጣል። አንዱ ስእለቱን ለማድረስ፣ አንዱ ታቦታቱን አጅቦ ለማደር፣ ሌላውም ልጆቹን የአባቶቻቸውን ሥራ ለማሳየት ይሄዳል። የሁሉም አሳብ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም አሳብ ብቻውን ቤተ ሰብን በሰላም ወስዶ በሰላም አይመልስም። ዝግጅትና ጥንቃቄም ሊታከሉበት ይገባል።

ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ከኢየሩሳሌም በዓል ሲመለሱ፣ ከዘመዶች ጋር የሚጓዝ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄዱና በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ እንዳገኙት ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ጌታስ በአባቱ ቤት ነበረ። የእኛ ልጆች በበዓል ግርግር ቢለዩን ግን ወዴት እንደሚሄዱ ማን ያውቃል?

ይህ ነገር በእኛም ቤት ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ዋዜማ ከፋሲል ግቢ ስንወጣ የ6 ዓመት ልጃችን ከመካከላችን ታጣ። አባት ከእናቱ ጋር ነው ሲል፣ እናት ከአባቱ ጋር ነው ስትል፣ አያትም ሁለቱን አምና ስትከተል፣ ልጁን የያዘው ማንም አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተንከራተትን በኋላ ሰንበት ተማሪዎች እጁን ይዘው አገኘናቸው። ስሙን ጠይቀውት በደንብ ነግሯቸዋል። የወላጆቹን ስም ሲጠይቁት ግን የመለሰላቸው «አባዬ» እና «እማዬ» ብሎ ነው። እኛም ልጃችንን ጸሎት አስተምረን ሳለ የገዛ ስማችንን አለማስተማራችንን ያን ጊዜ ተረዳን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ምክር ከዚያ ቀን ወዲህ ለቤታችን ሥርዓት አድርገን የያዝነው ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት ቃል

የሚጎበኙትን ሳያውቁ መሄድ ድካሙን እንጂ ጥቅሙን አያተርፍም። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ በምሽት ጨዋታ ጊዜ ለልጆች ታሪኩን መንገር መልካም ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአገሪቱ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም የተዋሕዶን ሃይማኖት ወደ ቀድሞ ክብሯ መለሱ። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከተማቸው አድርገው፣ በየማዕዘኑ ጉልላት ያለው ክብ ግንብ የቆመበትን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጨመሩበት። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዐፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ የግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብም ግንብ በአንድ ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። የዐፄ ኢያሱ ግንብ በምድር መናወጥ ተጎድቷል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መጨረሻም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ እንደገና ተጎዳ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ የጥምቀት በዓላችንም በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ከቤት ከመነሣት በፊት

አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባል። ሰላም በሌለበት ጊዜ ጉዞን ለሌላ ዓመት ማስተላለፍ እምነት ማጉደል አይደለም። ማደሪያም ከወራት በፊት መያዝ አለበት፤ በጥምቀት ሰሞን ዋጋው ይወደዳል፣ ክፍሉም አይገኝም። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰውም የእንግዳ ብዛት ባለቤቶቹን እንዳያስጨንቅ የራሱን ጋቢና ጥቂት ስንቅ ይዞ ይሂድ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት የጥር ሌሊቷ ይበርዳል፤ ቀኑ ግን ፀሐይ ነው። ከነጠላው በታች የሚሞቅ ልብስ መደረብ፣ ለቀኑም ጥላ መያዝ ያስፈልጋል። ጫማ ተረከዘ ዝቅ ያለና የማያዳልጥ ይሁን። በግንቦቹ ውስጥ ያለው ደረጃ የተበላና ከፍታው የማይመጣጠን ስለ ሆነ ከአዲስ ጫማ ይልቅ እግር የለመደው ይሻላል።

ጥር 10 ቀን የገሃድ ጾም መሆኑን አንዘንጋ። ጿሚው በልኩ ይጹም፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ ግን ውኃ፣ ቆሎና በሶ በከረጢት መያዝ የእናቶች ብልሃት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ። ስለ ጾሙ የሚጨነቅ ካለ የንስሓ አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

ገንዘብንና ስልክን በውስጥ ኪስ ማኖር፣ ለነዳያን የሚሰጠውን ዝርዝር ግን ለብቻው በውጭ ኪስ መያዝ ያስፈልጋል። ምጽዋት ሊሰጥ በግርግር መካከል ቦርሳውን የሚከፍት ሰው ኪስ አውላቂን ይጠራል።

ሕፃናትና አረጋውያን

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው በስሙ ይመደብለት። «ሁላችንም እንጠብቀው» ማለት ማንም አይጠብቀው ማለት እንደ ሆነ ከራሳችን ተምረናል። ልጁ የእናቱንና የአባቱን ሙሉ ስም፣ የመጡበትንም ከተማ በቃሉ ይወቅ። ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ በልብሱ ውስጠኛ ኪስ መስፋት ደግሞ የበለጠ ነው። ቢጠፋም ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ፣ ካህን ወይም የበዓሉን ሥርዓት የሚያስከብሩ ሰንበት ተማሪዎችን ባየ ጊዜ ወደ እነርሱ እንዲጠጋ ይነገረው።

የመገናኛ ስፍራ አስቀድሞ ይወሰን። «በሩ ላይ እንገናኝ» ማለት አይበቃም፤ የግቢው ቅጥር 12 በሮች እንደ ነበሩት ይነገራል፣ እንግዳም አንዱን ከሌላው አይለይም። ከግቢው አጠገብ ያለው የጃንተከል ዋርካ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ ለዚህ የተመቸ ነው። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ስልክ አልሠራ ሊል ስለሚችል በእርሱ ብቻ አንታመን።

አረጋውያን ወላጆቻችንን ደረጃ እናስወጣለን ብለን አናድክማቸው። ግቢው 7 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ መዞር ለጎልማሳም አድካሚ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር አሳርፈናቸው፣ ከመካከላችን አንዱ አብሯቸው እየቆየ በየተራ ብንጎበኝ እነርሱም ያርፋሉ፣ ልባችንም አይከፈልም።

በግቢው ውስጥ

ቤተ መንግሥቱን በጥር 10 ወይም 11 ከመጎብኘት ይልቅ በዓሉ ሳይገባ፣ ወይም ጥር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል ከገባ በኋላ በማግሥቱ መጎብኘት ይሻላል። በዓሉን ለጸሎት፣ ሌላውን ቀን ለጉብኝት መስጠት ለሁለቱም ክብር ነው። በዚያም ቀን ቢሆን ጠዋት በሩ እንደ ተከፈተ የገባ ሰው ጥላም ጸጥታም ያገኛል።

ከገቡ በኋላ አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ፋሲል ግንብ ይሮጣል። ሰው የበዛ እንደ ሆነ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ አልፎ ጉብኝቱን ከዚያ መጀመር፣ ግርግሩ ሲቀንስም ወደ ፋሲል ግንብ መመለስ ብልሃት ነው። አስጎብኚ የያዘ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ይነጋገር፤ ፈቃድ ያለው መሆኑንም ይጠይቅ። ትኬቱንም አይጣል፤ ለጥምቀተ ባሕሩ ጉብኝት ያገለግል እንደ ሆነ በሩ ላይ ይጠይቅ።

በጥምቀተ ባሕሩ

የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ውኃውም ከቀሃ ወንዝ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ልንደብቀው የማይገባ ነገር አለ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ለበዓሉ ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ከሸክሙ ብዛት ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ቆስለዋል። የመጡት እንደ እኛው ለበረከት ነበር። ስለዚህ ሰው ከልክ በላይ በወጣበት መቀመጫ፣ ቅጥር ወይም ዛፍ ላይ መውጣት አይገባም። በረከቱ ከፍ ብሎ ለታየ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በዳር ቆሞ ለሚጸልየውም ይደርሳል።

መቆሚያችን ከመውጫ ያልራቀ ይሁን። ሕዝቡ መጋፋት ቢጀምር ወደ ኋላ ለመመለስ መታገል ኃይል ይጨርሳል፤ ከሰው ጋር እየሄዱ በአግድም ወደ ዳር መውጣት ይሻላል። ሁለት እጅን በደረት ፊት አድርጎ ለመተንፈሻ ቦታ ማትረፍ፣ ሕፃንን ከፍ አድርጎ መያዝ፣ የወደቀ ጫማ ወይም ነጠላ ለማንሣት ፈጽሞ አለማጎንበስ ያስፈልጋል። ነጠላ ይተካል።

ጠበሉ በተባረከ ጊዜ ወጣቶች ወደ ውኃው ይዘላሉ። ዋና የማይችል ልጅ ከዳር አይጠጋ፤ የሚችለውም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲዘል ከሥር ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ለተረጨውም ለገባውም ጥምቀቱ አንድ ነው።

የአደራ ቃል

የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ብዙ መቶ ዓመት ቆሟል። ዝናቡና የዛፍ ሥሩ ሲያደክሙት ኖረዋል፤ በየዘመኑም እየተጠገነ ከእኛ ደርሷል። በግድግዳው ላይ ስሙን በምስማር የሚጭር ልጅ ግን ዝናብ በብዙ ዓመት የማያደርገውን በአንድ ደቂቃ ያደርጋል። ልጆቻችን ስማቸውን በዚያ ድንጋይ ላይ ከሚጽፉ ያን ድንጋይ በልባቸው ቢጽፉት ይሻላል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ስንሄድ ጫማችንን አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንግባ። ያ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከእሳት የተረፈ ነው፤ ሥዕሎቹን በእጅ መንካትና የካሜራ መብራት ማብራትም አይገባም።

ልጃችን ዛሬ አድጓል። ወደ ጎንደር በሄድን ቁጥር የታናናሾቹን እጅ የሚይዘው እርሱ ነው፤ የአባትና የእናታቸውን ስም ከመኪና ሳይወርዱ የሚያስደግማቸውም እርሱ ነው። በእናንተም ቤት እንዲሁ ይሁን። ታቦታቱን በሰላም ወደ መንበራቸው የሚመልስ አምላክ እናንተንም በሙሉ ቊጥር ወደ ቤታችሁ ይመልሳችሁ።