ቶፕ ሊንክ፦ የእርሻን ጥልቀት የሚወስነው ዘንግ

ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የእርሻ ወቅት ሲደርስ በቶኬ ኩታዬ ማሳዎች በሬ ጠምዶ ከሚያርሰው ገበሬ ጎን በኪራይ የሚያርስ ትራክተር ማየት የተለመደ ነው። የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በትልልቆቹ ጎማዎችና በሚገለበጠው አፈር ላይ ነው። የእርሻውን ጥራት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ግን ከኦፕሬተሩ መቀመጫ ኋላ ያለ፣ ክንድ የሚያህል ዘንግ ነው። ቶፕ ሊንክ ይባላል።

ማረሻም ሆነ መከስከሻ ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ቦታ ይያያዛል። ታች ያሉት ሁለት ክንዶች መሣሪያውን ይጎትታሉ፤ በሃይድሮሊክም ያነሱታል። ሦስተኛው፣ ከላይ በመሃል የሚገባው፣ ቶፕ ሊንክ ነው። አካሉ ቱቦ ሲሆን በሁለቱ ጫፎቹ ብሎን ይገባበታል። የአንዱ ብሎን ጥርስ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ የተቆረጠ ስለሆነ ቱቦው ሲዞር ሁለቱ ጫፎች አብረው ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ። ዘንጉ ሲያጥር መሣሪያው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ሲረዝም ወደ ኋላ ይጋደማል።

ይህን አያያዝ ለዓለም ያስተዋወቀው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ሥርዓቱ በፎርድ ትራክተር ላይ ተገጥሞ በብዛት መመረት ጀመረ። ማሴ ፈርጉሰን ከሚለው የትራክተር ስም የኋለኛው ክፍል የእሱ ነው። ከዚያ በፊት ማረሻ እንደ ጋሪ ከኋላ ይጎተት ነበር፤ ድንጋይ ሲይዘው የትራክተሩ አፍንጫ ተነስቶ ሹፌሩ ላይ ሊገለበጥ ይችል ነበር። በፈርጉሰን አያያዝ አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላ ሲስበው የማረሻው አናት በቶፕ ሊንኩ በኩል ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋል። ግፊቱ በሃይድሮሊኩ ስለሚታወቅ ማረሻው ሲከብድ ሥርዓቱ ትንሽ ያነሳዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የተለመደው የትራክተር ሃይድሮሊክ ማንሳት እንጂ መጫን አይችልም። ማንሻው የቱንም ያህል ወደ ታች ቢገፋ መሣሪያው የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ መሬት ውስጥ እንዲገባ የሚያደርጉት ክብደቱና የሚገባበት ማዕዘን ናቸው፤ ማዕዘኑን ደግሞ የያዘው ቶፕ ሊንክ ነው። በበሬ የሚያርስ ገበሬ እርፉን በእጁ ሲጫንና ሲያላላ ይህንኑ ሥራ በየእርምጃው ይሠራል። የትራክተር ኦፕሬተር ግን አስቀድሞ ካላስተካከለው ማሳው እስኪያልቅ ስህተቱን ይዞ ይሄዳል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ቦክስ ብሌድ በሚባለው መደልደያ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ ኋላውና ሁለት ጎኖቹ በብረት የተዘጉ፣ ከፊት አፈር የሚፈለፍሉ ጥርሶች፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ስለቶች ያሉት ነው። የጠጠር መንገድ፣ ግቢ ወይም የተቦረቦረ የማሳ መግቢያ ለመደልደል ያገለግላል። ቶፕ ሊንኩ ሲያጥር ጥርሶቹና የፊተኛው ስለት ወደ ታች ይዘልቃሉ፤ የደረቀ መሬት ይሰብራሉ፣ ጉብታ ይቆርጣሉ። ሲረዝም የፊተኛው ስለት ተነስቶ ክብደቱ በኋለኛው ላይ ያርፋል፤ አፈሩ ሳይቆረጥ እየተሰራጨ ይለሰልሳል። ሁለቱ ስለቶች እኩል መሬት ሲነኩ ሳጥኑ ከጉብታው የቆረጠውን ተሸክሞ ጎድጓዳው ውስጥ ያራግፋል። አንዱን መንገድ በሦስት ዙር፣ በሦስት የተለያየ የዘንግ ርዝመት መሥራት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዘንጉን አንዴ አስሮ ደጋግሞ የሚመላለስ ኦፕሬተር ነዳጅ ያቃጥላል፤ መንገዱም ሞገድ ይሠራል።

በጉደር ዙሪያ የሚታየው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። ቶፕ ሊንኩ ካጠረ የፊተኛው ዲስክ ጠልቆ የኋለኛው ይንሳፈፋል፤ ከረዘመ የኋለኛው ጠልቆ የፊተኛው ይንሳፈፋል። የቀኙና የግራው ሚዛን ግን የቶፕ ሊንክ ጉዳይ አይደለም፤ የታችኛውን ቀኝ ክንድ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ ይሠራል። ቀኝ ጎማ ትልሙ ውስጥ ገብቶ ስለሚሄድ ትራክተሩ ራሱ ያዘነብላል።

አፈሩ ሥራውን ያከብደዋል። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ጥቁር አፈር፣ በአካባቢው ኮቲቻ የሚባለው፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሲርስ ብረት ላይ ይጣበቃል። ከፍ ብሎ ደግሞ ቀይ አፈር ይመጣል። በኪራይ የሚሠራ ትራክተር በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ዘንጉ ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት እንደታሰረ ይውላል። ኦፕሬተሩ የሚከፈለው በታረሰው ስፋት ስለሆነ መቆም አይወድም፤ ይገባኛል። ጉዳቱ ግን የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው፤ ስስና ጥልቅ የተቀላቀለበት እርሻ ዘሩን እኩል አያበቅልለትም። በጉደር የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የጀመረ ነው። ለኪራይ ኦፕሬተሮች በማሳ ላይ አጭር ሥልጠና ቢሰጥ ከብዙ አዳዲስ ትራክተሮች የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማስተካከሉ ረጅም ጊዜ አይወስድም። ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሬኑ ይያዛል፣ መሣሪያው መሬት ላይ ያርፋል። መቆለፊያው ዳዶ ይላላል፤ ቱቦው ጥቂት ዙር ዞሮ እንደገና ይቆለፋል። ብሎኑ ጥርሱ ሊያልቅ እስኪደርስ መዘርጋት የለበትም፤ በሥራ መሃል ሊወልቅ ይችላል። የሚጎተት ነገርም በቶፕ ሊንኩ ማያያዣ ላይ በሰንሰለት ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ከፍ ካለ ቦታ የሚጎትት ኃይል ትራክተሩን በቅጽበት ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ሹፌሩ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም።

ትራክተር የሚከራይ ገበሬ ይህን ለማረጋገጥ መካኒክ መሆን አያሻውም። የመጀመሪያው መስመር ትንሽ እንደተሄደ አስቁሞ ትልሞቹን በዱላ ይለካ። ከፊተኛው ዲስክ ይልቅ የኋለኛው ከጠለቀ ቶፕ ሊንኩ ይጠር፤ የፊተኛው ከጠለቀ ይርዘም። ከዚያ ኦፕሬተሩ ይቀጥል።