ፓምፑ «ተቃጠለ» ከመባሉ በፊት

የሞተር ሳይክል መካኒክ ነኝ። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «የነዳጅ ፓምፑ ተቃጥሏል ተባልኩ፤ ልቀይረው?» ኧረ ቆዩ!

መጀመሪያ ነገር ሞተራችሁ ፓምፕ አለው ወይ? ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ የላቸውም፤ ታንኩ ከላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፓምፕ የሚፈልጉት ባለ ኢንጀክሽኖቹ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ ውስጥ ይቀመጣል።

ቁልፉን ስታበሩ ፓምፑ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ «ዝዝ» ይላል። ካላለ ቀዩን ማጥፊያ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ሶኬቱን እዩ። ድምፁ እያለ ሞተሩ ጉልበት ካጣ ፊልትሮው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ለመፍታት ከወሰናችሁ ሞተር ሳይክሉን ደጅ አውጡት፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፤ ሲጋራም የቡና ከሰልም አጠገቡ አይኑር። ፓምፑን አውጥቶ ያለ ቤንዚን በባትሪ መሞከርን ተዉት። የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ነው፤ ብልጭታውም እሳት ያስነሳል።

የሞተራችሁን ዓይነትና ምልክቱን ጻፉልኝ።