መኪናችሁ ጠዋት አልነሳ ካለ፣ እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄን ድምፅ ያውቀዋል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከታች ከመኪና ማቆሚያው "ክርር... ክርር... ክር..." ከዚያ ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ ይደገማል። ቀጥሎ ኮፈን ሲከፈት ይሰማል።

በእኛ ብሎክ ድምፁ የጎረቤቴ ቪትዝ ነበር። ልጁ የሚተዳደረው በዚያችው መኪና ሰው እያመላለሰ ነው፤ ካልተነሳች የዚያን ቀን ገቢ የለም። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባትሪ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሞተሪኖ ቀየረ፤ ሁለት ቀን ደህና ሆና በሦስተኛው ወደ ድሮዋ ተመለሰች። ሌላ ጋራዥ ደግሞ "የነዳጅ ፖምፓው ነው" አለው። ፖምፓ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ሊሄድ ሲል ነው፣ እዚሁ ሰፈር ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ቴስተር ይዞ መጥቶ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ችግሩን ያገኘው። ምን እንደነበረ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጎረቤቴ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ማስገባት በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሁን መንገድ ላይ ያሉትን ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ዲኤክሶች ገና ብዙ ዓመት እንነዳቸዋለን። እነሱ ደግሞ አያረጁ አይደለም፣ ያረጃሉ። በግምት እቃ የሚቀያይር ሰው በመጨረሻ መኪናውን ሳይሆን ኪሱን ነው የሚፈታው።

ወደ ጉዳዩ እንግባ። "አልነሳም አለ" ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም፣ ወይም እየደከመ ይዞራል። ሁለተኛው ሞተሩ እንደልቡ ይዞራል፣ ግን እሳት አይዝም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉልበት ችግር ነው፤ ባትሪ፣ ገመድ፣ ሞተሪኖ። ሁለተኛው የቤንዚን ወይም የእሳት ጉዳይ ነው፤ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ሴንሰር። ይሄን ልዩነት በጆሯችሁ ብቻ መለየት ትችላላችሁ። የጎረቤቴ መኪና "ክርር... ክር..." እያለች እየደከመች ነበር የምትዞረው። ፖምፓ ደግሞ ሞተር የሚዞርበትን ጉልበት አይነካም። ያ ሦስተኛ ምርመራ ገና ከድምፁ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ የፊት መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሰሪያው ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብሏል። ተከታታይ "ጠጠጠጠ" የሚል ድምፅም ወደዚያው ነው የሚጠቁመው። መብራቱ ምንም ሳይቀንስ ሞተሩ ዝም ካለ ግን ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ፊውዝ ወይም ወደ ቁልፍ ማዞሪያው ሂዱ። መኪናችሁ አውቶማቲክ ከሆነ ከዚያ በፊት ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አድርጋችሁ ሞክሩ። ማርሹ የት እንዳለ የምታነበው ስዊች ስታረጅ "ፒ ላይ አይደለም" ብላ ትከለክላለች። በነገራችን ላይ አውቶማቲክ መኪና በግፊ አይነሳም። ሰፈር ውስጥ አምስት ልጅ ሰብስባችሁ አታድክሙ።

ባትሪውን ለማወቅ ትንሽ ቴስተር ይበቃል። መኪናው አድሮ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በጥቂት ቀን ይወድቃል።

አሁን የጎረቤቴ ነገር። ኤሌክትሪሻኑ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ራሱ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ "አዙር" አለው። ሁለቱ በገመድ የተገናኙ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት በታች መሆን ነበረበት። ከአንድ ቮልት በላይ አሳየ። ከባትሪ ኔጋቲቭ ወደ ሞተርና ካምቢዮ የሚሄደው ገመድ ማሰሪያው ውስጥ በልቶታል፣ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ሞተሪኖ ሲቀየር ገመዱ ስለተነካካ ነው ሁለት ቀን የሠራው። ፈታው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ የገመዱን ጫፍ ቀየረው፣ አጠበቀው። በቃ። አሮጌው ባትሪና አሮጌው ሞተሪኖ ደህና ነበሩ ማለት ነው። እነሱ ግን እሱ ጋር የሉም፤ እቃ ሲቀየር አሮጌውን መልሳችሁ ተቀበሉ የምለው ለዚህ ነው።

ባትሪ ማሰሪያ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት። ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ኔጋቲቩን ከኋላ አድርጉ።

ሞተሩ እንደልቡ እየዞረ እሳት የማይዝ ከሆነ፣ ቁልፉን ሳታስነሱ "ኦን" ላይ አድርጉና ሬዲዮውን ዘግታችሁ አዳምጡ። ብዙ ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ፖምፓው ነው። አንዳንድ ሞዴል ላይ ግን ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሚሠራ፣ ድምፅ ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አትፍረዱ። ካንዴላ ፈቱና እዩ፤ በቤንዚን ከራሰ ቤንዚን እየደረሰ ነው፣ የጎደለው እሳት ነው። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ቀዝቅዞ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ግን የሚጠፋና እስኪበርድ የማይነሳ መኪና ካላችሁ ደግሞ የሞተሩን ዙር የምታነበዋን ሴንሰር ጠርጥሩ።

የነዳጅ ወረፋ ያሰለቸው ሁሉ ታንኩን ባዶ አድርጎ ነው የሚነዳው። ፖምፓው ያለው ታንኩ ውስጥ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ሁልጊዜ ቀይ መብራት ላይ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ቢኖርበት በምን ታውቃላችሁ? ከዚያ ከቀዳችሁ ማግስት ችግር ከጀመረ ነገሩን ለመካኒኩ ንገሩት፣ አትፈሩ።

ወደ ሚኒሞ እንምጣ። መካኒኮቻችን ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ እንደሚሉት ሁሉ ይቺም ከጣሊያንኛ የመጣች ናት። እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው ስታነሱ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ማለት ነው። ሲሞቅ በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ላይ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ነው። ሚኒሞ ሲበላሽ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወይ ቀይ መብራት ላይ ይጠፋል። ከባድ መኪና ከኋላችሁ እየመጣ ቃሊቲ መንገድ ላይ ሲጠፋባችሁ ቀልድ አይደለም። ያኔ ፍሬኑ አይጠፋም፣ ግን አንድ ሁለቴ ከረገጣችሁት በኋላ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ስለዚህ ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ዳር ያዙ።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ትሮትል የምትባል በር አለች። ሚኒሞ ላይ አየር የሚያልፈው በጣም በጠባብ ክፍተት ነው። ዓመታት የተጠራቀመ ጥቁር ቅባት ያቺን ክፍተት ይደፍናታል። ለዚሁ ተብሎ በሚሸጥ ስፕሬይና በጨርቅ ማጽዳት ይቻላል፣ ሞተሩ ጠፍቶ። በሽቦ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የምትከፈት ዓይነት ከሆነች ግን በጣት አትግፏት። ባትሪ ከተፈታ ወይም ትሮትል ከጸዳ በኋላ ሚኒሞው ለጊዜው ቢዘበራረቅ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል እየሠራ ይቆይ።

የአቃቂን አቧራ የማያውቅ የለም። የአየር ፊልትሮ እዚህ ቦሌ ከሚነዳ መኪና ቀድሞ ይደፈናል፤ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት።

ሌላው የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው። ኮፈን ከፍታችሁ "ስስስ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አየር እየገባ ነው። ፔዳሉ የከበደ ፍሬንና የተዘበራረቀ ሚኒሞ አንድ ላይ ከመጡ፣ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ እዩ። አንዳንዱ ሰው የሚያፈሰውን ቱቦ በቤንዚን ስፕሬይ ይፈልጋል። የጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊነሳ ይችላል። የሳሙና ውሃ ትንሽ ትንሽ ጠብ አድርጉ፤ የነካችሁት ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አገኛችሁት።

መኪናው በአንድ እግሩ የሚያነክስ ዓይነት እኩል የሆነ መንቀጥቀጥ ካለው ግን አንዱ ሲሊንደር እየሠራ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ የየኮይሉን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው እሱ ነው ሰነፉ። የካንዴላ ገመድ በእጃችሁ አትንቀሉ፣ ይመታል።

የዲኤክስና የላዳ ባለቤቶች አንድ የራሳችሁ ነገር አለ። ካርቡሬተር አየሩ ምን ያህል እንደሳሳ አያውቅም። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ድሬዳዋ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሚኒሞው ይወላገዳል። እቃው አልተበላሸም፣ መስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው። ኢንጀክሽን መኪና ይሄን በሴንሰር ራሱ ያስተካክላል።

ስልክስ? በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ኦቢዲ የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች፣ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ የቼክ ኢንጅን ኮድ ታነባለች። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራሳችሁ መኪና ላይ ሞክሩ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ላይ ሶኬቱ ቢገጥምም ላይነጋገሩ ይችላሉ። ኮዱም "ይሄን እቃ ቀይር" ማለት አይደለም፣ "እዚህ አካባቢ እይ" ማለት ነው።

እኔ ከመሣሪያው ይልቅ የስልኩን ካሜራ እመርጣለሁ። ችግሩ ሲከሰት ድምፁን ቅረጹት፣ ጋራዥ ስትደርሱ መኪናው እንደሚታዘዝ ልጅ ሆኖ አንድ ጊዜ ይነሳልና። ብርድ ላይ ነው ወይስ ሙቀት ላይ? ኤሲ ሲበራ ነው? ከመቼ ጀምሮ? እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ። "ይሄ እቃ ይቀየር" ያለ መካኒክ ካለም "በምን አወቅከው?" በሉት፤ ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፣ ያሳያችኋል።

ጎረቤቴ አሁን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳለታል። ኤሲ ሲከፍት ግን ሚኒሞው አሁንም ትንሽ ይወርዳል። ቅዳሜ ትሮትሉን ልናጸዳ ተቀጣጥረናል፣ ስፕሬዩን እሱ፣ ጨርቁን እኔ።